ተከላካዮቻችን ድንበር የማይሻገሩት ለምንድን ነው?

ጌጃ ሰፈር ውስጥ አንዱን የኳስ ወዳጅ አስቁመው "ውጭ አገር የተጫወቱ ኢትዮጵያውያንን እስቲ ጥራ" ቢሉት ትንፋሽ ሳይወስድ ይቆጥርልዎታል። ሳላዲን ሰዒድን ከግብጹ ዋዲ ደግላ፣ ከቤልጂየሙ ሊርስ፣ ከአል አህሊና ከአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር ጋር ያነሳል። ጌታነህ ከበደን በደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ፣ ሽመልስ በቀለን በግብጹ ፔትሮጄት፣ ኡመድ ኡክሪን እዚያው ግብጽ፣ ጋቶች ፓኖምን በሩሲያው አንዢ ማካችካላ፣ አቡበከር ናስርን በማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያስከትላል። ትንሽ ነቃ ያለው ደግሞ ፍቅሩ ተፈራን ይጨምርና እ.ኤ.አ በ2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያገባው የእኛው ልጅ መሆኑን ይነግርዎታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ጥያቄውን ትንሽ ለወጥ ያድርጉት። "እሺ፣ ከነዚህ ውስጥ ተከላካዩ የትኛው ነው?"

ዝም ይላል። ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ አጥቂ ወይም አማካይ ናቸው። ከአገር ውስጥ ሊግ ተነስቶ ወጥቶ፣ በውጭ ክለብ ለዓመታት ቦታውን አስከብሮ፣ ስሙ በሰው አፍ የገባ የኋላ መስመር ተጫዋች ቢባል ቶሎ የሚመጣ ስም የለም። ለምን? መልሱን መፈለግ ያለብን ለወሬ ማሟሻ ብለን አይደለም፤ ይህ ክፍተት ዋልያዎቹን በትልልቅ መድረኮች ዋጋ ሲያስከፍል ስላየነው ነው።

ሁለት ዋንጫ፣ አንድ በሽታ

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ነበር። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስብስብ ውስጥ ከውጭ የመጡት ሦስት ሲሆኑ እነሱም ሳላዲን ሰዒድ፣ ፉአድ ኢብራሂምና ዩሱፍ ሳላህ ናቸው። ሦስቱም የፊትና የመሐል ሰዎች ናቸው። ደጉ ደበበ፣ አይናለም ኃይሉ፣ አበባው ቡጣቆ፣ ስዩም ተስፋዬና ሌሎቹም የኋላ ተሰላፊዎች በሙሉ ከአገር ውስጥ ሊግ ነበሩ።

ቡድኑ በመጀመሪያው ጨዋታ በ10 ሰው ተጫውቶ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1ለ1 ሲለያይ ጀግንነቱን ሁላችንም አጨብጭበንለታል። በሁለተኛው ግን ቡርኪና ፋሶ 4ለ0 አሸነፈችን። ከውጤቱ ይበልጥ የሚያሳዝነው አገባቡ ነው። ዕረፍት ላይ 1ለ0 ብቻ ነበርን፤ በሁለተኛው አጋማሽ የቡርኪና ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቀሪዎቹ ሦስት ጎሎች የገቡብን እኛ በቁጥር በልጠን ስንጫወት ነው። ጎል ፍለጋ ሁሉም ወደ ፊት ሲሮጥ ከኋላ "ቆይ፣ እኔ አለሁ" ብሎ መስመሩን የሚይዝ ሰው ታጣ። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ያለ ጎል ይዘን ቆየን፤ ከዚያ ሁለት ሪጎሬ ተሰጠ፣ ሁለቱንም ቪክተር ሞሰስ አስቆጠረ፣ ተመለስን። በሦስት ጨዋታ 7 ጎል ገባብን፣ አገባን ያልነው 1 ነው።

ዘጠኝ ዓመት ቆጥረው ወደ ካሜሩን ይምጡ። በጥር ወር 2022 አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ይዘውት የሄዱት ቡድን ኳስ መሥረት አድርጎ የሚጫወት፣ ለዓይን የሚጥም ቡድን ነበር። ከኬፕ ቨርዴ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ገና በ12ኛው ደቂቃ የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ለጎል የሚሄደውን አጥቂ በመጣሉ በቪዲዮ ዳኝነት (ቫር) ታይቶ በቀይ ካርድ ወጣ። 1ለ0 ተሸነፍን። በሁለተኛው ጨዋታ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አዘጋጇ ካሜሩን ላይ ጎል አግብቶ አዲስ አበባን አስጨፈረ፤ ደስታው አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ካሜሩን አቻ ሆነች፣ መጨረሻው 4ለ1። ከቡርኪና ፋሶ 1ለ1 ወጥተን በአንድ ነጥብ ተመለስን። 6 ገባብን፣ 2 አገባን። ያኔም የኋላ መስመራችን አንድ ሳይቀር ከአገር ውስጥ ክለቦች የተሰበሰበ ነበር።

ይህን የምጽፈው ያሬድን ወይም ሌላውን ልጅ ለመውቀስ አይደለም። ነገሩን በእሱ ቦታ ሆነው ያስቡት። በአገራችን ሊግ ቫር የለም። ልጁ ሳምንት በሳምንት የሚገጥማቸው አጥቂዎች በአውሮፓ ሊጎች ከሚሯሯጡት ጋር በፍጥነትም በተንኮልም አይገናኙም። እንዲህ ያለውን ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በአፍሪካ ዋንጫ፣ ዓለም እያየው ነው። አጥቂ አንድ ኳስ ቢስት ሌላ ይጠብቃል፤ ተከላካይ አንዴ ከተሳሳተ ግን አለቀ። ስለዚህ ተከላካይ ስህተቱን ቀደም ብሎ፣ ሌላ ቦታ ሠርቶ መጨረስ አለበት። ያ "ሌላ ቦታ" የውጭ ሊግ ነው።

"ሀበሻ ተከላካይ አይሆንም"

እዚህ ላይ ሁሌ የምትሰማ አንድ መልስ አለች። "የእኛ ልጆች ቁመት የላቸውም፣ ጉልበት የላቸውም፣ ሀበሻ ለአብዶ እንጂ ለመከላከል አልተፈጠረም" የምትል። ይህቺን አባባል ሦስት ሰዎች ያፈርሷታል።

አንደኛው ቴዎዶር ገብረሥላሴ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ ናቸው፤ የተወለደው በ1986 ትሬቢች በምትባል የቼክ ከተማ ነው። የቀኝ መስመር ተከላካይ ሆኖ ከስሎቫን ሊቤሬች ጋር በ2012 የቼክ ሊግን ዋንጫ አነሳ። በዚያው ክረምት በአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ሪፐብሊክ ሁሉንም ጨዋታ ተሰለፈ። በሩብ ፍጻሜው ፖርቱጋል 1ለ0 ያሸነፈችበትን የክርስቲያኖ ሮናልዶ ቴስታ ያስታውሳሉ? ሮናልዶ ቀድሞት የገባው ገብረሥላሴን ነው። ነገር ግን ያቺ አንድ ኳስ ሕይወቱን አላበላሸችበትም፤ በዚያው ክረምት ወደ ጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ተዛውሮ እስከ 2021 ድረስ 9 የውድድር ዘመን በቡንደስሊጋ ተጫወተ። ለብሔራዊ ቡድኑም ከ50 ጊዜ በላይ ተሰልፏል። ልብ ይበሉ፣ ሮናልዶ በዓለም ፊት የበለጠውን ተከላካይ ብሬመን ፈርሞ ወሰደው። ስህተቱን ሳይሆን አራቱን ጨዋታ ሙሉ ስላዩለት ነው።

ሁለተኛው ኤሊ ዳሳ ነው። ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ የሄደ ቤተ እስራኤላዊ ሲሆን በ1992 ኔታንያ ተወለደ። እሱም የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። ከቤይታር ኢየሩሳሌምና ከማካቢ ቴል አቪቭ ተነስቶ ወደ ሆላንዱ ቪቴስ፣ ከዚያም በ2022 ወደ ሩሲያው ዲናሞ ሞስኮ ሄዷል። የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት እስከ መምራት ደርሷል።

ሦስተኛው ዋሊድ አታ ነው። ሪያድ ተወልዶ ስዊድን ጎተንበርግ ያደገ የመሐል ተከላካይ ሲሆን በስዊድን ለአይክ፣ ለሄልሲንቦሪና ለሄከን፣ በክሮኤሺያ ለዲናሞ ዛግሬብ፣ በቱርክ ለጌንችለርቢርሊይ ተጫውቷል። በወጣትነቱ የስዊድን ከ21 ዓመት በታች ቡድንን ማሊያ ለብሶ፣ በኋላ ለኢትዮጵያ ተሰልፏል። ከሦስቱ የእኛን ቀለም የለበሰው እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ደሙ ያው ደም ነው፣ አጥንቱም ያው። ልዩነቱ ያደጉበት ቦታ ነው። ትሬቢች፣ ኔታንያና ጎተንበርግ ተከላካይ ሠርተው አወጡ፤ ባህር ዳር፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ግን ሠርተው ማውጣት አልቻሉም። ስለዚህ "ሀበሻ ተከላካይ አይሆንም" ከማለት "ተከላካይ እንዴት እንደሚሠራ አልያዝንበትም" ማለት ይቀላል፤ እውነቱም እሱ ነው።

ቆርቆሮ ላይ የወጣች ኳስ

ነገሩ ከሰፈር ይጀምራል። ጌጃ ሰፈርን የሚያውቅ ሰው ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ቦታ ያውቃል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። በልደታ ዙሪያ የድሮ መንደሮች እየፈረሱ ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ሲተካባቸው ባዶ ሜዳ የሚባለው ነገር እየጠፋ፣ ያለችውም ቦታ ይበልጥ እየጠበበች መጥታለች። በእንዲህ ያለ ቦታ ኳስ መሬት ለመሬት መሄድ አለባት። ከፍ ካለች ቆርቆሮ ላይ ትወጣለች ወይ የሰው ግቢ ትገባለች፣ ባለቤቲቱ ትቆጣለች፣ ጨዋታው ያልቃል። ስለዚህ ከፍ አድርጎ የመታ ልጅ ይሰደባል፤ በጠባብ ቦታ ሁለት ሰው ያለፈ ልጅ ይመሰገናል።

ይህ ትምህርት ቤት ጎበዝ አማካይ ያወጣል። የሽመልስ በቀለ ዓይነት ኳስ እግሩ ሥር የምትቀር ልጅ የሚወጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ከመስመር የተሻገረ ኳስ በቴስታ ማውጣት፣ ከጀርባህ ያለውን አጥቂ እያየህ ኳሷንም ማየት፣ ከጓደኞችህ ጋር እኩል ወጥተህ ከጨዋታ ውጭ ማድረግ በድንጋይ ግብ አይለመድም። ከዚህም በላይ ኋላ የሚቆመው ማን ነው? ወይ ትንሹ ልጅ፣ ወይ ኳስ የማይችለው። ተከላካይነት በእኛ ሰፈር የሥራ ድርሻ ሳይሆን ቅጣት ነው።

ይህ የሰፈር ልማድ ክለብ ሲገባ ካልታረመ አብሮ ያድጋል። እዚህ ላይ ክለቦቻችንን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከኋላ ክፍተት ሲኖርባቸው ቶሎ የሚያዩት ወደ ውጭ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት ግቡን ለኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ፣ ኋላም ለኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ ሰጥቷል፤ በመሐል ተከላካይነትም ኡጋንዳዊውን አይዛክ ኢሴንዴን አሰልፏል። ሌሎቹም ክለቦች ከዚያ መንገድ ብዙ አልራቁም። ለዋንጫ የሚጫወት ክለብ የተሻለ ሰው ማምጣቱ ኃጢአት አይደለም። ግን ስሌቱን ይዩት። ኡጋንዳና ኬንያ ከኋላ የሚቆም ሰው ወደ እኛ ሲልኩ፣ እኛ ከኋላችን ለማን ላክን?

የፖርቱጋሉ ሰውዬ

ተከላካይ እንዴት እንደሚያድግ ለማየት የጆዜ ፎንቴን ታሪክ ማንበብ ይጠቅማል። ፎንቴ በ1983 የተወለደ ፖርቱጋላዊ የመሐል ተከላካይ ነው። በወጣትነቱ ኮከብ አልነበረም። ከስፖርቲንግ ሁለተኛ ቡድን ተነስቶ በፖርቱጋል ትንንሽ ክለቦች ሲዞር ቆየ። ቤንፊካ ወሰደው እንጂ አላጫወተውም። በ2007 ወደ እንግሊዝ ክሪስታል ፓላስ ሄደ፤ ፓላስ ያኔ በሁለተኛው እርከን ነበር። በ2010 ጭራሽ አንድ እርከን ወርዶ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ላይ የነበረውን ሳውዝሃምፕተንን ተቀላቀለ።

በእኛ አገር ቢሆን "ወረደ፣ አለቀለት" ይባል ነበር። እሱ ግን ከክለቡ ጋር ሁለት ጊዜ አድጎ በ2012 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ለፖርቱጋል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ዕድሜው 30 ነበር። በ2016 ከፔፔ ጎን ቆሞ የአውሮፓ ዋንጫን አነሳ። በ2021 ደግሞ በ37 ዓመቱ ሊልን በአምበልነት መርቶ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ተከላካይ ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ነው። አጥቂ በ20 ዓመቱ ሊታይ ይችላል፤ ተከላካይ ግን 26 እና 27 እስኪሞላው ጨዋታ ማንበብ ይማራል። ሁለተኛ፣ መንገዱ በትልቅ በር አይጀመርም። ፎንቴ ማንችስተር ዩናይትድን እየጠበቀ ቤቱ አልተቀመጠም፤ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሄዶ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ከግዙፍ አጥቂዎች ጋር ተጋፋ።

የእኛ ልጅስ? እስቲ በእሱ በኩል እንየው። የአገር ውስጥ ክለቦች በ2019 የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ብለው ሲስማሙ፣ ጣሪያ ያስፈለገው ክፍያው ከዚያ በላይ እየሮጠ ስለነበረ ነው። ለአንድ ወጣት ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። እናቱ እዚህ፣ ሽሮው እዚህ፣ ክብሩ እዚህ። በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለመጀመር ምን ያስገድደዋል? አልፈርድበትም። ግን ምቾቱ እዚህ ሲያስቀረው፣ ዕድገቱም እዚህ ይቀራል።

ማን አይቶ ይግዛቸው?

ሌላው ችግር ገበያው ነው። አጥቂን ለመሸጥ የጎል ቁጥር ይበቃል። አቡበከር ናስር በ2020/21 በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሰንዳውንሶች ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። የተከላካይ ሥራ ግን በቁጥር አይወጣም፤ ያላስገባው ጎል አይጻፍለትም። እሱን ለመግዛት የሚመጣ ሰው 90 ደቂቃ፣ ያውም ደጋግሞ ማየት አለበት።

ለረጅም ጊዜ ሊጋችንን ከአገር ውጭ የሚያይ አልነበረም። ከ2020/21 ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፋቸው ትልቅ በር ከፍቷል፤ ሙሉ ጨዋታ በምስል ተቀርጾ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን መልማዮች አሁንም ይበልጥ የሚያምኑት ዓለም አቀፍ ጨዋታን ነው። እዚያ ደግሞ ያለንን ዕድል አልተጠቀምንበትም። በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሳተፉበት በቻን ውድድር በ2014 ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን አንድ ጎል ሳናገባ ተመለስን፤ በ2016 ሩዋንዳ ላይ በዲሞክራቲክ ኮንጎ 3ለ0 ተቀጣን፤ በአልጄሪያው ቻን ደግሞ በ2023 ከሞዛምቢክ 0ለ0 ከወጣን በኋላ በአልጄሪያና በሊቢያ ተሸንፈን ተሰናበትን። ተከላካይ የሚታየው ቡድኑ ሲቆይ ነው። ከምድብ የሚመለስ ቡድን ተከላካይ ማስታወቂያው ያለቀው ገና ሳይጀመር ነው።

በዚህ ላይ የስታዲየም ችግር ነበረብን። ሜዳዎቻችን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው "የሜዳችን ጨዋታ" የምንለውን በሰው አገር ስንጫወት ቆይተናል። ሰኔ 2 ቀን፣ በእነሱ ጁን 9 ቀን 2022 ግብጽን 2ለ0 ያሸነፍንበት ያ የማይረሳ ጨዋታ የተደረገው ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የዚያን ቀን የኋላ መስመራችን ግብጽን ዜሮ አድርጎ አስወጣ። በማግሥቱ ሁላችንም ያወራነው ስለ ዳዋና ስለ ሽመልስ ጎሎች ነው። እኛ ጋዜጠኞችም ብንሆን ዜሮ ያስወጣውን ሰው ርዕስ ላይ አንሰቅለውም።

ከኬፕ ቨርዴ ምን እንማር?

በ2022 ያሸነፈችን ኬፕ ቨርዴ ሕዝቧ ከግማሽ ሚሊዮን ብዙም የማይዘል የደሴት አገር ናት። ኦክቶበር 13 ቀን 2025 ኢስዋቲኒን 3ለ0 አሸንፋ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች። ከሦስቱ ጎሎች የመጨረሻውን ያገባው ስቶፒራ ተከላካይ ነው፤ በሃንጋሪው ቪዲዮቶን ለብዙ ዓመት የተጫወተ አንጋፋ ሰው። ሌላው ተከላካይ ሮቤርቶ ሎፔዝ ደብሊን ተወልዶ በአየርላንድ ሊግ ለሻምሮክ ሮቨርስ የሚጫወት ሲሆን፣ አሠልጣኙ ያገኙት ሊንክድኢን በተባለው የሥራ ማፈላለጊያ መረብ መልእክት ልከውለት ነው። መጀመሪያ የማይረባ መልእክት መስሎት ሳይመልስ ቀርቶ ነበር።

ኬፕ ቨርዴ ልጆቿን በሊዝበን፣ በሮተርዳምና በደብሊን ፈልጋ ሰበሰበች። እኛ ግን ሕጋችን ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ በውጭ ፓስፖርት ያደገውን ልጅ ማሰለፍ ከባድ ነው። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በ2014 ዋልያዎቹን ሲረከብ ዓይኑን ወደ ውጭ ልጆች መጣሉ ይታወሳል፤ በዓመቱ ግን ተሰናበተ፣ ጉዳዩም በአሠልጣኝ ለውጥ ተንጠልጥሎ ቀረ። እዚህ ላይ የዜግነቱ ሕግ የመንግሥትና የፓርላማ ጉዳይ ነው፤ ነገ ጠዋት አይለወጥም።

ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ክለቦች በታዳጊ ቡድኖቻቸው ውስጥ ተከላካይን ከልጅነቱ መርጠው፣ ቴስታውንና አቋቋሙን ለብቻ የሚያስተምር አሠልጣኝ ቢመድቡለት። ሁለተኛ፣ ለተጫዋቾቻችን አውሮፓ ብቻ ውጭ አገር አይደለም። ታንዛኒያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብጽ፣ ሞሮኮ ከአህጉሩ ጠንካራ ሊጎች የሚመደቡ ናቸው፤ የሽመልስና የጌታነህ መንገድ ለተከላካይም ክፍት መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ክለቦቻችን ጥያቄ ሲመጣ ዋጋ ሰቅለው በር ከመዝጋት፣ ልጁ ቢሄድ ነገ ለእነሱም ለአገሩም እንደሚጠቅም ቢረዱ። አራተኛው የልጆቹ ነው፤ ፎንቴ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሄዶ ያልወረደ፣ የእኛ ልጅ ሄዶ አይወርድም።

ገብረሥላሴ ሮናልዶ በበለጠው ክረምት ለብሬመን ፈረመ። የእኛ ተከላካይ ግን በአፍሪካ ዋንጫ አንዴ ሲበለጥ ወደዚያው ሊግ ይመለሳል፣ ከዚያው አጥቂ ጋር ይጋጠማል፣ በሚቀጥለው ዋንጫም ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል። የሚቀጥለው የዋልያዎቹ ስብስብ ሲገለጽ እንደ ወትሮው የአጥቂዎቹን ስም ፈልገው ከማቆም፣ ዓይንዎን ወደ ኋላ መስመሩ ዝርዝር ላይ ጣል ያድርጉ። ከስማቸው ጎን የተጻፉት ክለቦች በሙሉ የአገር ውስጥ ከሆኑ፣ ውጤቱን ገና ከአሁኑ መገመት ከባድ አይሆንም።